በአባታችን ሐዘን ለደረሳችሁልን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ዕድሜያቸውን የአገራችንን የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ የኖሩት አባታችን ከረጅም ሕመም በኋላ በሞት በተለዩን ጊዜ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ባሕር ዳር ተጠራርታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁልን ወገኖቻችንን በየቤታችሁ እየዞርን ማመስገን ስላልተቻለን፣ ይህን መልእክት በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን።

በሕመማቸው ወራት ሌሊትና ቀን ሳይሉ የረዷቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ በሕክምናው ወጪ የደገፉን የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ጸሎተ ፍትሐቱን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያደረሱልን አባቶች፣ ድንኳን ተክለውና ምግብ አዘጋጅተው እስከ ሣልስቱ ከአጠገባችን ያልተለዩት የሰፈራችን እድርተኞች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች ግን ለብቻ የምንለው አለን። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ለቀብሩ ሲደርሱ፣ ብዙ ለቀስተኞች እነማን እንደሆኑ ጠይቀውናል። አባታችን ከእነርሱ ጋር በደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ ውለው፣ የተያዘውን ዓሣ ርዝመትና ክብደት ከለኩ፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙንም ካዩ በኋላ፣ «አምና በዚህ ሰሞን የት ነበር የሚገኘው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱን ከተናጋሪው ስም ጋር በመዝገባቸው ያሰፍሩታል። ከእነርሱ የሰሙትን የራሳቸው ግኝት አድርገው ተናግረው አያውቁም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰባቸው በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ነበር። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው፣ ጣና ውስጥ ብቻቸውን ኖረው ወደ 15 ዝርያ የተከፋፈሉ ዓሦች ናቸው። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ በመንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የላቸውም። አባታችን ይህን ለተማሪ ሲያስረዱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደነቁ ነበር። በክረምት በርካታዎቹ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በሌሎችም ገባሮች አፍ ይሰበሰቡና፣ ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ ከተዘረጋ ወይም ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ ከተጨመረ፣ የሚጠፋው የሚቀጥሉት ዓመታት ዘር ጭምር ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ሲታወቅ፣ አባታችን ምክንያቱን በየመድረኩ ለማስረዳት አልሰነፉም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በድሃው አስጋሪ ላይ የሚጭን ንግግር ሲሰሙ ዝም አይሉም ነበር። በዐቢይ ጾም የከተማው የዓሣ ፍላጎት እንደሚጨምር፣ ፒያሳ ምግብ ቤት ተቀምጦ ጥብስ የሚያዝ ሰውም የጉዳዩ ተካፋይ መሆኑን ለእኛ ለልጆቻቸው ሳይቀር ይነግሩን ነበር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲወጣ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሆኖም አስጋሪው ዓሣው በሚራባበት ወራት ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሌላ ገቢ ካላገኘ ሕጉ በወረቀት ላይ እንደሚቀር አጥብቀው ያምኑ ነበር። እኛም ሐሳባቸው ትክክል ነው እንላለን፤ ዛሬም ሰሚ ይፈልጋል።

በስተመጨረሻ አንድ ነገር እንድናሳውቃችሁ ይፈቀድልን። አባታችን የተዋቸውን የመስክ መዝገቦች ላስተማሩበት የትምህርት ክፍል ለማስረከብ ወስነናል። ለጥናት የተዋሳችኋቸው ተማሪዎቻቸው ካላችሁ፣ ከአርባ ቀን መታሰቢያቸው በፊት አራት ኪሎ ወደሚገኘው መኖሪያ ቤታችን እንድታደርሱልን በትሕትና እንጠይቃለን። ስማችሁ በመዝገቡ የሰፈረ አስጋሪዎችም፣ የተናገራችሁት የተጻፈበትን ገጽ ቅጂ አዘጋጅተን ባሕር ዳር ድረስ እናመጣላችኋለን።

ልጆቻቸውና መላው ቤተሰባቸው
አዲስ አበባ