ስለ «ባለ ቀይ ክሩ» ሽቶ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት ለሰባት ዓመት ደንበኛችን የሆኑ አንዲት ሴት ሱቅ መጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ከበሩ «እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ደግሞ ምን እያፈላችሁ ነው?» ይሉን ነበር። የዚያን ዕለት ሰላምታም አልነበረም። ባለ ቀይ ክሩን ጠርሙስ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው ወጡ። ተከትያቸው ብወጣ ታክሲ ውስጥ ገብተዋል። ጠርሙሱ ሩቡ እንኳ አልጎደለም።

ከዚያ ወዲህ በስልክም በጽሑፍም ብዙ ደረሰን። «ሽታው ተቀይሯል»፣ «ቶሎ ይጠፋል»፣ «ዋጋ ጨምራችሁ ሽቶውን ቀነሳችሁት»። አንዱ ደግሞ «ውሃ በርዛችሁበታል» አለን። በተናጠል ለመመለስ ሞክሬ ነበር፤ አንዱን በመለስኩ ቁጥር እየከፋኝ ስለመጣ ግን ቁጭ ብዬ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከመስከረም ጀምሮ ባለ ቀይ ክሩ ውስጥ ዝባድ የሚባለው የጥርኝ ቅባት የለም። ይህን ሳልነግራችሁ በዚያው ጠርሙስ፣ በዚያው ክር መሸጤ ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ማን ይለየዋል» ብዬም ሳላስብ አልቀረሁም። አፍንጫችሁን ናቅሁ፤ ቀጣችሁኝ።

የቀረውን ግን ጥፋት ነው ብዬ አልቀበልም። ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ከሁሉ የቆረቆረኝ የውሃው ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የእኛ ሽቶ አልኮል፣ ሙጫና የቅጠል ዘይት ነው። ሙጫና ዘይት ከውሃ ጋር አይስማሙም። ካላመናችሁኝ ጥቂት ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ወተት ይመስላል። እኔ በርዤው ቢሆን ኖሮ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ይደፈርስ ነበር። በእጃችሁ ያለውን ጠርሙስ ወደ መስኮት አንሱና እዩት፤ እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ ነው። በዚህ ሥራ ስቆይ ብዙ ስሜን የሚያጎድፍ ነገር ሊገጥመኝ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ በብረዛ እታማለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ዝባዱ።

ለማታውቁት ወጣት ደንበኞቼ፦ ዝባድ ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ፣ ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ ተፍቆ የሚወጣ ቅባት ነው። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል። በአልኮል ቀጥኖ ወራት ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይሞቃል፣ የአበባ ጠረን ያበቅላል፣ አብሮት ያለውንም ሽታ ቆዳ ላይ ሰፍቶ ያቆየዋል። አገራችን ይህን በበሬ ቀንድ እያሸገች ለዓለም ስትልክ ኖራለች፤ ከእናርያና ከጅማ ይነሡ የነበሩ ነጋዴዎች ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ዝባድ ይጭኑ ነበር። አያቴ በጥጥ ጠቅልላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥረው ነበር። ራሷን ሲያማት ግንባሯን ትቀባዋለች። ፊቷ አሁን አሁን ይጠፋኛል፤ ያ ሽታ ግን ዛሬም እንዳለ ነው። ስለዚህ ዝባድን እንደ ዋዛ የተውኩት አይምሰላችሁ።

ሥራውንም የጀመርኩት በእሷ ነው። 2009 ዓ.ም. ላይ እናቴ ኩሽና ውስጥ፣ አያቴ እንዳሳየችኝ የአደስ ቅጠል ከለጋ ቅቤ ጋር እያነጠርኩ የፀጉር ቅቤ ለጎረቤት መሸጥ ያዝኩ። አከራያችን «ቤቱን የሙሽራ ቤት አደረግሽው» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ ቆይተው ለልጃቸው ሠርግ አንድ ጣሳ ሙሉ አዘዙ። ከዚያ የዕጣን ዘይት ለማውጣት አሰብኩ። የመጀመሪያው ማውጫችን አረቄ የምታወጣ የሰፈራችን ሴት የሸጠችልኝ ጋን ነበር። ዕጣኑን ከውሃ ጋር ታፈላዋለህ፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይንጠባጠባል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ያው እንደ አረቄ ነው፤ ማንም አይሰክርበትም እንጂ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ዘይት ያገኘሁ ዕለት እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሸተትኳት። «ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሸተው» ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

ባለ ቀይ ክሩ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ክሩን ያሰርኩት የጠርሙሱ ክዳን እየላላ ስላስቸገረኝ ነበር፤ ስሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። ከላይ ብርቱካንና ጠጅ ሣር፣ መሐሉ ዕጣንና አደስ፣ ሥሩ ዝባድ።

ዝባዱን ለዓመታት ከአንድ ደላላ በቀንድ እገዛ ነበር። አምና በጥር የመጣልኝን ቀንድ ስከፍተው ግማሹ ቅቤ ሆኖ አገኘሁት። በቅቤና በሙዝ መቀላቀል የቆየ ብልሃት ነው፤ እኔም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተሞኝቻለሁ። በሦስተኛው «ከምንጩ አሳየኝ» ብዬ ደላላውን አስገድጄው ይዞኝ ሄደ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየው ቤቱን ከፍቶ ቡና አፍልቶልኛል።

ጎጆው ጨለማ ነበር። እሳት መሐል ላይ ይጨሳል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ይላሉ። በግድግዳው ዙሪያ ከእንጨት የተሠሩ ረጃጅም ጠባብ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ አንድ ወንድ ጥርኝ። ሳጥኑ እንስሳው ዞሮ ፊቱን እንዳይመልስ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው። ሰውየው የአንዱን ጅራትና የኋላ እግር በእንጨቶቹ መሐል ስቦ ይዞ በቀንድ ማንኪያ ፋቀው። ማንኪያው ላይ የቀረው ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። እንስሳው አልጮኸም። አፍንጫው ከእንጨቱ ጋር በመፋተግ ብዛት ጠጉሩ ተመልጧል። እኔ በሌላው ጊዜ ስለ ሽታ ብዙ የማወራ ሰው ያን ቀን ከጎጆው ወጥቼ ውሃ ብቻ ጠየቅሁ።

ሰውየውን እንድትረግሙብኝ አልፈልግም። «አባቴም እኔን በዚህ ነው ያሳደገኝ» አለኝ። ለልጆቹ የሚቸግረውን ሥጋና እንቁላል ለጥርኞቹ ሲያቀርብ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንት ትውልድ የኖረበትን ሥራ እኔ አንድ ቀን አይቼ ልፈርድበት አልችልም። የራሴን ጠርሙስ ግን እችላለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ፈረንጅ ተናግሯት ነው» ብላችኋል። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ጀርመን አገር ዕቃችንን የሚያከፋፍሉ ልጆች ዝባድ ያለበትን ሽቶ ሱቆች አልቀበል እንዳሏቸው ከነገሩኝ ቆይቷል። ዝነኛው የፈረንሳይ ሽቶ ሻኔል ቁጥር አምስት እንኳ የተፈጥሮ ዝባድን በ1998 እ.ኤ.አ. ትቷል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዓመታት ዝባድ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ ያቆመኝ ያ ጎጆ ነው። ደግሞ እነሱ በፋብሪካ በተሠራ ቅመም ነው የተኩት። እኔ ያን አቋራጭ አልሄድኩም፤ ብሄድ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ፣ እኔም ስምንት ወር ባልተንከራተትኩ ነበር።

የሙከራ ደብተሬ ቁጥር 41 ላይ ነው ያቆመው። ቁጥር 9 የጥብስ ቅጠል በዝቶበት የምሳ ሰዓት ሥጋ ቤት ሆነ። ቁጥር 23 እርጥብ ምድጃ ነው የሚሸተው፤ ጥበቃችን ጋሼ ግን እስካሁን ይጠይቁኛል፣ ወደዱት። ከርቤ ብቻውን ሥሩን እንዲይዝ ሞከርኩ፣ መረረብኝ። በመጨረሻ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ሶማሌዎቹ ሀዲ የሚሉት፣ ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣ የከርቤ ዘመድ ሙጫ ነው፤ ማር ማር ይላል፣ ከማሩ ሥር ግን የእንስሳ ሙቀት የሚመስል ነገር አለው። ሁለተኛው በጅማና በኢሉባቦር አፈር እንዳይሸረሸር የሚተከለው የቬቲቨር ሣር ሥር ነው። ሥሩ ሲታጠብ ዝናብ የመታው ማሳ ይሸታል፣ ዘይቱም ከቆዳ ላይ በቀላሉ አይለቅም። ሁለቱን ቀላቅዬ አሳረፍኳቸው። በአርባ ቀናቸው ስከፍተው አለቀስኩ። ይህን ለሠራተኞቼም አልነገርኳቸውም።

«ቶሎ ይጠፋል» ያላችሁት እውነት ነው። የድሮው ሽቶ እኔ ቆዳ ላይ ሰባት ሰዓት ይቆይ ነበር፤ ይሄኛው አራት፣ አንዳንዴ አምስት። ዝባድ የሚያደርገውን ሙሉ በሙሉ የሚያደርግ ቅጠል አላገኘሁም። ገላችሁን ታጥባችሁ ገና ሳይደርቅ ትንሽ ቅባት ተቀቡና ከላዩ አድርጉት፤ በደረቅ ቆዳ ላይ ቶሎ ይበናል። ነጠላ ወይም ስካርፍ ላይ ካደረጋችሁትማ በማግስቱም ይገኛል።

ዋጋውን በተመለከተ፦ 30 ሚሊ ሊትሩ ከ1,200 ወደ 1,650 ብር የገባው ዝባዱ ከመውጣቱ ጋር ስለገጠመ «ውዱን አውጥታ ዋጋ ጨመረች» አስብሎኛል። ከውጭም ሲታይ እንደዚያ ነው የሚመስለው፣ አልፈርድባችሁም። ግን ጠርሙሱና መርጫው ከውጭ ነው የሚገቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከዚያም አልቆመም። እኔ ግን ከአንድ ዓመት በላይ በድሮው ዋጋ ሸጥኩላችሁ። ያን ጊዜ «አመሰግናለሁ» ያለኝ ሰው አላስታውስም፤ አልነገርኳችሁማ፣ ከየት ታውቁታላችሁ። ዕጣኑም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በሰሜኑ መንገድ እየተዘጋ የመተማ ዕጣን ሲገኝ ይገኛል፣ ሲጠፋ ለወራት ይጠፋል። ዛፉ ራሱ ሳያርፍ በየዓመቱ ቅርፊቱ እየተፋቀ ሙጫው እየተወሰደ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ችግኝ አድጎ የሚተካው በብዙ ቦታ ጠፍቷል። አምስት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። የአንዷን ደመወዝ ቀንሼ የእናንተን ዋጋ ማቆየት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም፣ አላደርገውምም።

የአደስ ቅቤው፣ ከጋምቤላ የሺአ ዛፍ ፍሬ ቅቤ የምንሠራው የገላ ቅባትና ሳሙናዎቹ ምንም አልተነኩም። እነሱ ውስጥ ዝባድ ኖሮም አያውቅም።

ከዛሬ ጀምሮ አዲሱ ሽቶ በአረንጓዴ ክር ይታሰራል፤ ቀዩ ክር አበቃ። ከመስከረም ወዲህ ባለ ቀይ ክር የገዛችሁ፣ ጠርሙሱ ቢጋመስም እስከ የካቲት መጨረሻ ይዛችሁ ኑ። ሙሉ ገንዘባችሁን ወይም የፈለጋችሁትን ሌላ ዕቃ ትወስዳላችሁ። ደረሰኝ አልጠይቅም። ውጭ አገር ያላችሁ የጠርሙሱን ፎቶ ላኩልን፣ ይበቃል። ዝባድ ያለበት ሽቶ አሥራ አራት ጠርሙስ ተርፎኛል፤ እነሱን አልሸጥም፣ ለሚጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው። በእጥፍ ዋጋ እንግዛሽ ያላችሁኝ ሦስት ሰዎች አትቀየሙኝ።

ይህን ሁሉ ተናግሬም የማይጥማችሁ ካላችሁ መብታችሁ ነው። ብቻ ሳትሰናበቱኝ አትጥፉ። አዲሱን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሌላ ምንም ሳትቀቡ ሞክሩት። ይህን ያህል ብለምናችሁ አይበዛብኝም።

እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ካነበቡ፣ የተዉት ጠርሙስ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። አልሸጥኩትም፣ አልደፋሁትም። 1,650 ብርዎን በፖስታ አድርጌ ከጎኑ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ እኔው ራሴ አለሁ፤ ቡናም ይፈላል።

አክባሪያችሁ፣
የሽቶ ቤቱ ባለቤት