የዓሣ ክበባችን ዓመት፦ ከቺዝማን ግድብ በታች

ክበቡን መስከረም ላይ ስንከፍት ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ግን ከወላጆች ነው። «ካልበላችሁት ለምን ትይዙታላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛ የምንሄደው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ካለችው ዴንቨር በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ወዳለው ቺዝማን ካንየን ነው። እዚያ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ሕጉ ነው። ለወላጆቹ ያኔ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ዛሬ ብጠየቅ ሚያዝያ ላይ ያየነውን እነግራቸዋለሁ።

የበረዶውን ወራት ክፍል ውስጥ ዝንብ ስንሠራ ከረምን። ዝንብ የምንለው ትንሽ መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ጠምጥመን ነፍሳት የምናስመስለውን ነው። በዚህ ወንዝ ያለው ትራውት የሚባል ዓሣ የሚበላው በጣም ደቃቅ ነገር ነው። ቁጥር 22 መንጠቆ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ክሩ እየተበጠሰባት እንባዋ መጣ። የካቲት ላይ ሌሎቹን የምታስተምረው እሷ ሆና አገኘኋት። ጥቁር ክር፣ በላዩ ቀጭን ሽቦ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ጠምጠም፤ አለቀ።

ወንዙ እንዲህ የጠራው በግድቡ ምክንያት ነው። ቺዝማን በድንጋይ ተገንብቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ቁመቱ 221 ጫማ ነው። ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ውኃው ከጥልቁ ስለሚለቀቅ በሙቀቱም ጊዜ ይቀዘቅዛል። ትራውት ደግሞ ብርድ ይወዳል። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ከህዳሴ ግድብ በታች ያለው ዓባይም እንዲህ ይጠራል?» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር ውኃው ይጠራል፤ ግን አገሩ ቆላ ነው፣ ለትራውት አይሆንም። በኛ አገር ትራውት ያለው ባሌ ነው። ከኬንያ አምጥተው በደጋው ወንዞች የለቀቁት የውጭ ዓሣ ነው። ጎባ ያደጉ የአንድ ተማሪያችን አባት ይህን ሰምተው ክፍላችን ድረስ መጡ። በልጅነታቸው ወንዝ ዳር ያዩትን ሲያወሩልን ልጆቹ ስልካቸውን እንኳ አልነኩም።

ሚያዝያ ላይ የሄድንበት ቀን ደመናማ ነበር። ደመና ሲሆን ብሉ ዊንግ ኦሊቭ የሚባሉት ግራጫ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ነፍሳት ከውኃው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ሰማዩን ሳይ ልቤ ሞቀ። ጊል ትሬይል በሚባለው የእግር መንገድ ገባን። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃይማን የተባለው የደን እሳት ያቃጠላቸው ጥቁር ግንዶች አሁንም አሉ። ከእሳቱ በኋላ ዝናቡ ከተራራው ብዙ አሸዋ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ እንደከተተ ለልጆቹ አሳየኋቸው።

ዘንግ ሳንዘረጋ አንድ ድንጋይ ገለበጥን። ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ የሠራችውን ዝንብ ከሳጥኗ አውጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችው። «ወፍሯል» አለች። ትክክል ነበረች።

ከዚያ ወደ ላይ ስንሄድ፣ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሬይንቦ ትራውቶች አየን። ከሥራቸው ያለው ጠጠር ከሌላው ነጣ ብሎ ታጥቧል። ሁሉም ልጆች ዘንጋቸውን አነሡ። ከትልልቆቹ አንዱ «ቆይ፣ እንቁላል እየጣሉ ነው!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሬይንቦ የሚራባው በፀደይ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ ውስጥ ስለሚቀበር ሰው ከረገጠው ይጠፋል።

ዳር ላይ ተቀመጥን። እንስቷ በጎኗ ትተኛና ጠጠሩን በጭራዋ ትመታለች። ጎኗ ላይ ያለው ቀይ መስመር ብልጭ ይላል። ጥቂት አርፋ ደግማ ትመታለች። ከ40 ደቂቃ በላይ ማንም አልጮኸም፣ ማንም ዘንግ አልወረወረም። ስንነሣም ያንን ነጭ ጠጠር በሰፊው ዞረን አለፍነው።

ከሰዓት በኋላ ነፍሳቱ ወጡ። ዝንቦቻችን ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀሉ፣ ክርም ተበጠሰ። የተያዘው ዓሣ አንድ ብቻ ነው። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረች ሹል አስቀድመን በፒንሳ ስለደፈጠጥናት በቀላሉ ወጣ። ልጁ እጁን አርጥቦ፣ ዓሣውን ከመረቡ ሳያወጣ ፊቱን ከላይ ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ ያዘው። ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል። ጉንጩ ሲከፈት ሲዘጋ ቆየ። ከዚያ በራሱ ኃይል ፈትለክ አለ። ልጁ እጁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ሄደ» አለ ቀስ ብሎ። እጁ ከብርዱ የተነሣ ቀልቶ ነበር።

ስንመለስ ቦቶቹን ሁሉ አጥበን አድርቀናል፤ ቀንድ አውጣና በሽታ በእርጥብ ጫማም ከወንዝ ወደ ወንዝ ይዛመታል። ለመጪው ዓመት ሁለት ቦት ይጎድለናል፤ ቁጥር 7 እና 9። ቤቱ ቦት ያለው ወላጅ ቢያመጣልን እናመሰግናለን። ጥቁር ክርም እያለቀብን ነው።