ክረምት ሳይገባ የቦዩን ግንብ እንጨርስ፤ ለሰፈራችን ባለይዞታዎችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከሂርማታ ገበያ ወደ አዌቱ በሚወርደው መንገዳችን ለምትኖሩ፣ ለምትነግዱ፣ እዚህ አድጋችሁ ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ባህር ማዶ ላላችሁ ሁሉ፤ እንደምን ከረማችሁ?

እንደሰማችሁት የታችኛው የቦይ ግንብ ባለፈው ክረምት መጨረሻ ተደርምሷል። ድንጋዩ እስካሁን ቦዩ ውስጥ ነው። ለጥገናው የጀመርነው መዋጮም መሃል ላይ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር የኮሚቴው አባላት ደክሞናል። በር አንኳኩቶ "ነገ ኑ" መባል፣ ሲነጋ ደግሞ "ባለቤቱ የሉም" መባል አድካሚ ነው። ብንተወው የሚመጣውን ስለምናውቅ ግን ዛሬም እየጠየቅናችሁ ነው።

ቦታውን ያላየ ካለ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ይምጣ። የመንገዱ ጠርዝ ተበልቷል። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው እናታችን ሁለት ጣውላ አጋድማለች። ትልልቆቹ ተማሪዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ያልፋሉ። ትንንሾቹን እሷ ጀበናዋን እሳት ላይ ትታ እጃቸውን ይዛ ታሻግራለች። ባጃጅ መግባት ካቆመ ሰንብቷል። ሐሙስ ገበያተኛው ከነሸክሙ ዞሮ ነው የሚሄደው። በቅርቡ ለቀብር ስንወጣም አስከሬኑን በላይኛው መንገድ ማዞር ግድ ሆኖብናል። ለሟች ቤተሰብ ይህን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የነበረ ያውቀዋል።

"እስካሁን ያዋጣነው የት ገባ?" የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ እየመጣልን ነው። መጠየቅ መብታችሁ ነው። የላይኛው መንገድ ኮብልስቶን የተነጠፈው በዚያ ገንዘብ ነው። ከመስጊዱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው ቦይ ሶሌታ የለበሰው በዚያ ገንዘብ ነው። ሴቶች አምሽተው ከሥራ ሲመለሱ የሚያዩበት የፖል መብራትም ከዚያው ነው። ኮብልስቶኑም ሶሌታውም ባለፈው ክረምት ንቅንቅ አላሉም። የተደረመሰው ግንብ ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት የተሠራ ነው። ይህን ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ስላሉ በግልጽ መነገር አለበት።

ለዲዛይን የከፈልነውን "ለወረቀት የወጣ ብር" ያሉም አሉ። በዚህ አንስማማም። መሐንዲሱ ያሳየን ነገር ቀላልና ወሳኝ ነው። አሮጌው ግንብ ከኋላው የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ አልነበረውም። ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ግንቡን ገፋው። ቦዩ ደግሞ በፌስታል፣ በውሃ ፕላስቲክና በጫት ገረባ ታፍኖ ስለነበር ጎርፉ ሞልቶ ፈሰሰና መሠረቱን ከሥር በላው። አዲሱ ግንብ ከኋላው ጠጠር ይሞላበታል፣ ማስተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል፣ መሠረቱም ጠለቅ ይላል። ያለዚህ ብንሠራ ያንኑ ግንብ ደግመን ለጎርፍ ማስረከብ ነው።

ጂማ ውስጥ ዝናብ እስከ ሰኔ እንደማይጠብቅ ታውቃላችሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ደግሞ 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው በየካቲት መጀመር አለበት። የድንጋይና የአሸዋ ዋጋም ቢሆን ዝናብ ሲገባ መኪና ስለማይደርስ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። አንድ ነገር በፈረሰ ቁጥር ደብተር ይዞ መዞር ማብቃት አለበት። በጠቅላላ ጉባኤው የቀረበው እቅድ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ባለይዞታ መንገድ ዳር ባለው የግቢው ስፋት ልክ፣ በሜትር 300 ብር በዓመት ያዋጣ። ገንዘቡ ከዚህ መንገድ ውጭ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ቦይ የሚጠረገው ከዝናብ በፊት ይሆናል፣ አምፖል ሲቃጠል በሳምንቱ ይቀየራል፣ የሌሊት ጥበቃውም ደመወዙ አይቋረጥም። ሱቅና ሕንፃ ያላቸው ሰፊ ፊት ስላላቸው የበለጠ ይከፍላሉ፤ ከጽዳቱና ከመብራቱ የበለጠ የሚጠቀሙትም እነሱ ናቸው። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች የሜትር ክፍያ የለባቸውም። የግል አከራዮችም ይህን ኪራይ መጨመሪያ እንዳታደርጉት አደራ እንላለን።

ሐሳቡ በዓለም አዲስ አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ፣ ብሎር ዌስት ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ነጋዴዎች በ1970 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። ከዚያ በፊት በፈቃደኝነት ሲያዋጡ ጥቂቶች ከፍለው ሌላው ሁሉ ይጠቀም ነበር። በ1970 ግን በሕግ ተደግፎ የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። እኛ የማስገደድ ሥልጣን የለንም። ያለን ፊርማና ይሉኝታ ነው። ለዚህም ነው እያንዳንዱን ካርታ የያዘ ሰው ፊርማ የምንፈልገው። አብዛኛው ከፈረመ ለማዘጋጃ ቤት የምናቀርበው ጥያቄ ክብደት ይኖረዋል።

ለእምነት ሰዎችም አንድ ቃል አለን። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ሰደቃ እንደሆነ፣ ጎረቤትን መርዳትም የክርስቲያን ግዴታ እንደሆነ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። በዚህ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ እድር ይቀባበራል፣ በአንድ ድንኳን ይደግሳል። ግንቡም የሁላችንም ነው። የሞላለት ብር ይስጥ። ያልሞላለት ጉልበት ይስጥ፤ ድንጋዩን ከቦዩ የማውጣት ሥራ ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል፣ አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ።

አሁን ስለ አከፋፈሉ፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ በየቤቱ በደረሰው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጀርባና በእድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ አስተላልፉ። ውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ በኩል ቁጥሩን ከበሩ ላይ አስነሱ፣ ከሌላ ሰው በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ። በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሂሳብ የኮሚቴው አባል ቢጠይቃችሁ እንኳ አትላኩ። ከከፈላችሁ በኋላ የባንኩን ማረጋገጫ ይዛችሁ እሁድ ከሰዓት በእድሩ ቤት ደረሰኛችሁን ውሰዱ። ያለፉት ደረሰኞችና የኦዲት ሪፖርቱም እዚያው አሉ፤ ገልጦ ማየት ለማንም ክፍት ነው።

የጀመራችሁትን ያላሟላችሁ ቀሪውን እስከ ጥር መጨረሻ አስገቡልን። እንደገና እንላለን፦ በኮሚቴው ስም ባለው የባንክ ሂሳብ ብቻ፣ ቁጥሩም በእድሩ ቤት በር ላይ ነው።

የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ፣ ጂማ