ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል ብላችሁ የገጠማችሁትን ኮንትሮለር ይመለከታል

ለድርጅቱ ስራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱ። ደሴ እናቴ ቤት ስለገጠማችሁት የስማርት ሃውስ ሲስተም (ፓምፑን፣ መብራቱን፣ ካሜራውንና የበሩን ቁልፍ በስልክ የሚያዘው) በስልክም በቴሌግራምም ፒያሳ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼም ነግሬያችኋለሁ፣ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ከመጀመሪያው አልጀምርም። አሁን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ማታ ስለሆነው ነገር ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ አልመጣም። የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያን ሌሊት ደግሞ ተራው የእኛ ነበር፣ ውሃው መጥቶ ታች ያለው በርሜል ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፑ አልተነሳም፣ ላይኛው ታንከር ባዶውን አደረ። ድሮ የነበረውን የፓምፕ ማብሪያ የእናንተው ቴክኒሻን "ከእንግዲህ አያስፈልግም" ብሎ ነቅሎት ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ሪሌ ሳጥን ውስጥ ስለቆለፈበት እናቴ በእጇ እንኳን ማስነሳት አልቻለችም። እኔ ስራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ስልኬ አልሰራ ሲላት ለቴክኒሻኑ ደወለች። ልጇ የሚሆን ሰው ምን አላት፣ "እኔ ምን ላርግሽ፣ ኢንተርኔት የለማ፣ እስኪመጣ ጠብቂ፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ አትደውዪ" ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ያቺ ሴትዮ እቤቷ ስትሰሩ በሰነበታችሁበት ጊዜ ሁሉ ቡና ሳታፈላላችሁ ያለፈ ቀን የለም።

ጠዋት እኔ ስደውልለት ደግሞ ይቅርታ እንኳን ሳይል "ስማርት ሃውስ ያለ ኢንተርኔት አይሰራም፣ በየትም አገር እንደዛ ነው" አለኝ። ይሄ ውሸት ነው፣ ውሸት መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ፣ ምክንያቱም ቢሮዎ ቁጭ ብዬ "ኢንተርኔት ቢጠፋስ?" ብዬ ስጠይቅዎ "ሁሉም ነገር እዛው ቤት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ሎካል ነው" ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፕሮፎርማው ላይም ሆም አሲስታንት በራስበሪ ፓይ ተብሎ ተጽፏል፣ ማለትም እዛው ቤት ውስጥ በምትቀመጥ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር። ከእናንተ ያነሰ ዋጋ የሰጡኝን ትቼ እናንተን የመረጥኩት ለዚህች አንድ መስመር ብቻ ነበር። የተገጠመው ግን በራሱ አፕ የሚሰራ፣ እያንዳንዷን ትዕዛዝ ባህር ማዶ ያለ ሰርቨር ልኮ መልስ የሚጠብቅ የኮንትሮለር ሳጥን ነው፣ ጓሮ ያለ ፓምፕ ለማስነሳት!

ሆም አሲስታንት እኮ በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ የላይሰንስ ክፍያ የሌለው ሶፍትዌር ነው፣ ስለዚህ ለምን እንደቀየራችሁት እስካሁን አልገባኝም። የገጠማችኋቸው ማብሪያዎችና ሴንሰሮች ዚግቢ በሚባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ የሚገናኙ ናቸው፣ ዚግቢ ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርሱ ነው የሚነጋገረው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ችግሩ ሳጥኑ ነው። እንደ እኛ መብራትና ኔትወርክ በሚመላለስበት ከተማ ኮንትሮለር ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሳኔው የት ነው የሚሰጠው የሚለው ነው፣ እቤት ነው ወይስ ውጭ፣ የአፑ ማማር ከዛ በኋላ ይምጣ።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ የመኝታ ቤቱ አምፖል ጠፍቶም ብልጭ ብልጭ ይላል። የድሮ ቤት ስለሆነ ማብሪያው ጋር ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ) መስመር የለም፣ ማብሪያው ለራሱ የሚሆነውን ኮረንቲ በኤልኢዲው በኩል እየሳበ ነው፣ አምፖሉ ላይ ያቺን ኮረንቲ የምታሳልፍ ካፓሲተር ማድረግ ነበረባችሁ፣ እናንተ ግን አምፖል ቀይሩ እያላችሁ አምፖል አስጨረሳችሁን። የታንከሩ ሴንሰር በባትሪ ነው የሚሰራው፣ በዛ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ መሃል በመስመር ኮረንቲ የሚሰራ አንድ ዚግቢ ሶኬት ሲግናሉን ካላቀበለው ይጠፋል ብያችሁ ነበር፣ "አያስፈልግም" ተባልኩ፣ ይኸው ይጠፋል። ለ120 ቮልት የተሰራ ሶኬት 220 ላይ ሰክታችሁ ያቃጠላችሁትንም አልተካችሁም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሲስተሙ አካውንት እስከዛሬ የተመዘገበው በቴክኒሻናችሁ ኢሜይል ነው። የእናቴን ግቢ የሚያሳይ ካሜራ፣ የበሯ ቁልፍ፣ በሌላ ሰው ስልክ! ይሄን ስናገር ለምን እንደምትስቁ አላውቅም።

ስለዚህ አሁን የምጠይቀው፣ ሳጥኑን አንሱና ፕሮፎርማው ላይ ያለውን ግጠሙ፣ ማብሪያዎቹን መቀየር አያስፈልግም፣ አብዛኞቹ የዚግቢ ዕቃዎች በዩኤስቢ በሚሰካ የዚግቢ ኮኦርዲኔተር (ዕቃዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ የሬዲዮ መሳሪያ) ሆም አሲስታንት ላይ ይገባሉ። ኮኦርዲኔተሩ በማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ ራቅ ይበል፣ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ 3 ሲግናሉን ይረብሸዋል። ሲስተሙ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሳይሆን ኤስኤስዲ (ጠንከር ያለ ዲስክ) ላይ ይጫን፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ካርድ ይበላሻል፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ትንሽ ዩፒኤስም ይኑረው። የፓምፑ የእጅ ማብሪያ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ይሄ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም። አካውንቱ በእኔ ስም ይዙር፣ የቴክኒሻኑ ስልክ ከሲስተሙ ይውጣ፣ ይሄም እኔ ባለሁበት ይሁን። ልጁም እቤት ሄዶ እናቴን ይቅርታ ይጠይቃት፣ በስልክ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ካልመጣችሁ ጥገናውን አልፈልግም፣ ሙሉ ብሬን ከነተቃጠለው ሶኬት ዋጋ ትመልሳላችሁ። እሱም ካልሆነ ፕሮፎርማውንና የቴሌግራም መልዕክቶቹን ይዤ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይላል፣ የተነገረኝና የተገጠመልኝ አንድ አይደለም።

መልሱን በጽሁፍ ነው የምጠብቀው፣ በስልክ "እሺ እናያለን" አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ፣ ከኮምቦልቻ