ለሕይወት ሳይንስ መጻሕፍት መረጣ የተጠራ ስብሰባ

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

ለአሳታሚው ድርጅት የምናቀርባቸውን የሕይወት ሳይንስ መጻሕፍት ለመምረጥ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ፣ በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል እንገናኛለን። ርእስ የሚያቀርብ ሁሉ የምዕራፎቹን ዝርዝር፣ አንድ የተጠናቀቀ ምዕራፍ፣ እንዲሁም መጽሐፉ ለየትኛው አንባቢ እንደታሰበና ቀደም ሲል ከታተሙት በምን እንደሚለይ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይዞ እንዲመጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ገምጋሚ ምሁራን አስቀድመው የሚመዝኑት ይህንኑ ነውና። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባቸው በጣና ሐይቅ ብቻ የሚኖሩት የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች፣ የሰሜን ተራሮች ዋልያና በመተማ ቆላ የሚታየው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ናቸው፤ በደጃችን ያለውን ሀብትና ሕመም ተማሪዎቻችን በወጉ ከተዘጋጀ መጽሐፍ ሊማሩት ይገባል። ከሌላ ሥራ የተወሰደ ሥዕል ካለ የባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይያያዝ።

መገኘታችሁንና የምታቀርቡትን ርእስ እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ቡድን አሳውቁን።