ለሙሉጌታ፦ የጋሼን ቮልስ ውስጧን ከመንካትህ በፊት

ውድ ሙሉጌታ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ስንት ዓመት ዝም ተባብለን ከረምን! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታውን በአካል ስንገናኝ እጠይቅሃለሁ። የጋሼን ቮልስ ልታድሳት ነው ሲሉኝ ግን ሳልጽፍልህ መቅረት አልሆነልኝም። ሞተርና ቆርቆሮ የሚችል ባለሙያ አታጣም። የሚያሳስበኝ ውስጧ ነው። ወንበር ሰፊው በሁለት ቀን የሚያብለጨልጭ ሌዘር አልብሶ ቢመልሳት እኮ የማን መኪና እንደሆነች አታውቃትም።

እና አደራ፣ ከውስጧ የሚወጣ ነገር፣ ቢቀደድም ቢሸትም፣ ቆሻሻ ላይ እንዳይጣል። የአዲሱ ልክ የሚወሰደው ከእሱ ነው። እያንዳንዱን ሳትፈታ ፎቶ አንሳው፣ ስትፈታው ቁጥር ለጥፍበት፣ ብሎኑን ለብቻ በፌስታል ቋጥር።

በመጀመሪያ ዓመቷን አረጋግጥ። ሊብሬው ላይ ያለው የተመዘገበችበት ዓመት ሊሆን ስለሚችል የኋላውን መቀመጫ አንሳና መሃል ወለሉ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብብ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፤ በ117 ከጀመረ የ1967 ነው፣ ማለትም ከኦገስት 1966 እስከ ጁላይ 1967 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች። ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በዚህ ቁጥር የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣል፤ ያስከፍላል፣ ግን ስትወጣ የነበራትን ቀለም ከመገመት ያድንሃል።

መቀመጫውን ካነሳህ አይቀር በስተቀኝ ያለውን ባትሪ እይ። የቮልስ ወንበር ስፕሪንግ ላይ የተነጠፈ፣ በጎማ ሙጫ የተያያዘ የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ቃጫ ነው። ስፕሪንጉ ሲላላ፣ ወይም ከልኳ ረዘም ያለ ባትሪ ሲገባላት፣ ከኋላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ብረቱ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ቃጫው ይቀጣጠላል። በዚህ የተቃጠለች ቮልስ አንድ ሁለት አይደለችም። የባትሪው ክዳን ከሌለ ወፍራም ጎማ ቁረጥና አልብሰው፤ ይሄን ለነገ አትበለው።

አሁን ወንበሩ። ሰፊዎች የሚወዱት ስፕሪንጉን አውጥቶ ደረቅ ስፖንጅ መሙላት ነው። እንዳትስማማ። ወንበሩ ከፍ ይልና ጉልበትህ መሪው ሥር ይጣበቃል፣ ልብሱም ከልኩ በላይ ተወጥሮ በስፌቱ ይተረተራል። ስፕሪንጉን በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ አንቲረስት ቀባው፣ የተሰበረውን በሽቦ እሰር፣ ላዩ ላይ ንጹህ ጆንያ ዘርግተህ ጠርዙን ስፋ። ጆንያው ከሌለ ስፕሪንጉ ቃጫውን ቀስ በቀስ እየፈጨ ወለሉ ላይ ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። የወየበው ቃጫ ካልተቦደሰ ይዳናል፤ የጎደለውን ቦታ ብቻ በ1 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ሙላው።

ልብሱ ሲሰፋ ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ይበሰብሳል። የስፌቱ እርምጃ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ መርፌው ሌዘሩን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋልና በዚያው መስመር ይቀደዳል። ሲለበስ ቃጫውን በስስ ፌስታል ሸፍነው፣ ሌዘሩ እንዲንሸራተት። ልብሱን አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ከዚያ ከፊት መሃል ጀምር፣ የኋላው መሃል ይከተል፣ ጎኖቹ ቀጥሎ፣ ማዕዘኖቹ መጨረሻ። ፍሬሙ ላይ ያሉት ጥርሶች ልብሱን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀስ ብለህ አቃናቸው፣ ሁለቴ ከታጠፉ ይሰበራሉ።

በሮቹ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ሌዘሩ ላይ የምታያቸው መስመሮች በሙቀት ተጭነው የታተሙ ናቸው፤ በክር ሲሰፉ ከሩቁ ይታወቃል። የድሮው ሌዘር ካልተቀደደ በቀስታ ላጠውና ሥሩን ብቻ ቀይር፦ 3 ሚሊ ሜትር ሃርድቦርድ። ቺፑድ ቢያመጡልህ መልስ፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ሃርድቦርዱንም ቢሆን በሁለቱም ፊትና በጠርዙ ቫርኒሽ ቀባው። ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ላይ አስቀምጠህ ገልብጥ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከተሳሳትክ ክሊፑ አይገባም፣ በጡጫ ካስገባኸው ይሰበራል። ከቦርዱ ጀርባ በበሩ ብረት ላይ ላስቲክ መለጠፍ አትርሳ። በመስታወቱ ጎን የሚወርደው የዝናብ ውሃ በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት አለበት፤ ላስቲኩ ከሌለ ወይም ቀዳዳው በአፈር ከተደፈነ አዲሱ ቦርድ ከአንድ ክረምት አያልፍም።

የጣሪያው ልብስ ትዕግስትህን የሚፈትነው ነው። የፊትና የኋላ መስታወት ሳይወጣ አይሠራም፣ ምክንያቱም ጠርዙ ከመስታወቱ ጎማ ሥር ገብቶ ነው የሚያዘው። መስታወቱን ላለማውጣት ጎማው ጋ ቆርጠው የሚለጥፉ አሉ፤ ሙቀት ሲመታው ተመልሶ ይንጠለጠላል። ልብሱን የሚሸከሙት ቀጫጭን ብረቶች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ስጣቸው። ልብሱን መጀመሪያ ያለ ሙጫ ስቀለው፣ የጣሪያውን መሃልና የልብሱን መሃል በጠመኔ አጋጥም፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዝ፣ ፊትና ኋላ ወጥር፣ ጎኖቹን ቀጥል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ማስቲሹ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ይሁን፤ ሁለቱንም ፊት ቀብተህ በጣት ሲነካ እስከማይዝ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቅ። ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የሚቀባው፤ መሃል ከደረሰ በጥቃቅኑ ቀዳዳ ሰርጎ ቢጫ ነጥብ ያወጣል። ትንሽ ሽብሽብ ከቀረ በፀጉር ማድረቂያ ይፈታል። የመብራቱንና የኋላ ማያ መስታወቱን ቀዳዳ ልብሱ ተወጥሮ ሳያልቅ እንዳትቆርጥ። ምንጣፍና ወንበር ከዚህ በኋላ ይገባሉ።

ሶማሌ ተራ ስትወርድ ክሊፕ፣ የበር እጀታና የመስታወት ማዞሪያ ካገኘህ ያገለገለውን ምረጥ፤ የአዲሱ ኒኬል ቶሎ ይላጣል።

ሌዘሩን ግን አትግዛ፣ ጠብቀኝ። ከመቀመጫው ሥር ከታጠፈው ጠርዝ፣ ፀሐይ ካልነካው፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁረጥና በፖስታ ላክልኝ፤ የላዩ ቀለም ስለደበዘዘ ለማመሳሰል አይሆንም። የሻንሲውን ቁጥርም ጻፍልኝ። ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጋሼ መጽሐፍና ጋዜጣ የሚያኖሩባት የበር ኪስ ከቀኝ ነበረች ወይስ ከግራ፣ እሳቸውን ጠይቅልኝ።

ወንድምህ