ኒባና ከሞት በኋላ የሚገባበት አገር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ቡድሂዝም ባወጣችሁት ጽሑፍ የቡድሂዝም የመጨረሻ ግብ የሆነው ኒባና (ኒርቫናም ይባላል) «የቡድሂስቶች ገነት» ተብሏል። ይህ ሳይታረም ማለፍ የለበትም። በፓሊ ቋንቋ በተጻፉት ጥንታዊ የቡድሂዝም ጽሑፎች አንድ መናኝ የቡድሃን ደቀ መዝሙር ሳሪፑታን «ኒባና ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ አጭር ነው፦ የስስት፣ የጥላቻና የድንቁርና መጥፋት። በቃ። ስለ ሰማይ አንድም ነገር አላነሳም።

ቡድሃ ራሱ ኒባና ላይ የደረሰው በ35 ዓመቱ እንደሆነ ይተረካል። ከዚያ በኋላ 45 ዓመት በሰሜን ሕንድ እየዞረ አስተምሯል። ታሟል፣ አርጅቷል። ሞትን መጠበቅ አላስፈለገውም።

«እንግዲያው ጨርሶ መጥፋት ነዋ!» የሚሉም አሉ። እነሱም ቸኩለዋል። ቫቻጎታ የተባለ ዘዋሪ መናኝ፣ ኒባና ላይ ደርሶ ነጻ የወጣ ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚሄድ ቡድሃን ወጥሮ ይዞት ነበር። ቡድሃም መልሶ ጠየቀው፦ ፊትህ የሚነደው እሳት ማገዶው አልቆ ቢጠፋ ወዴት ሄደ ትላለህ? ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ? ቫቻጎታም እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደማያስኬድ ገባው። ቡድሃ «አለ»ም «የለም»ም አላለም። እኔን ከትምህርቱ ሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ይህ ጥንቃቄው ነው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም እርማት አውጡ።

አክባሪ አንባቢያችሁ